በእግሩ የሚጎርስ ፍጥረት በዳባት ቀፎ ሥር

ባለፈው ሳምንት ባለቤቴ ማስተዋል ሮቶውን እጠብ ብላ አዘዘችኝ። ሮቶ ያው ጓሯችን ውስጥ ካብ ላይ የተቀመጠው ጥቁሩ የላስቲክ ጋን ነው፤ ደባርቅ ውስጥ ውኃ ስትመጣ እንደ ሙሽራ በእልልታ ተቀብለን የምናስገባት እዚያ ነው። በዚህ ዕድሜ መሰላል ላይ መውጣት ለጤና እንደማይስማማ ሰፊ ንግግር አደረግሁ። እሷ ብሩሹን እጄ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ወጣሁ። ክዳኑን ከፍቼ አንገቴን ወደ ውስጥ ሳስገባ ያ ሽታ መጣ፤ እርጥብ፣ ትንሽ የዓሣ፣ ትንሽ የዝገት ሽታ። ደባርቅ ባሕርን የምታውቀው በስብከት ነው፤ ያውም ሙሴ የከፈለውን ብቻ። እኔ ግን ጀርባዬ ደባርቅ ብርድ ላይ እንደቆመ አፍንጫዬ ብቻውን ቀድሞ አሰብ ገባ። ግድግዳውን በጣቴ ዳበስኩት። ልስልሱ ላይ ያለው አረንጓዴ ዝልግልግ ገና ስነካው ይለቃል፤ አምና ልጃችን በሽቦ ብሩሽ የቧጠጠው ቦታ ላይ ያለው ግን ሥር ሰዷል። «ይሄንንማ አውቀዋለሁ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ሮቶው ውስጥ ዞሮ ዞሮ ሲመለስ የሃያ ዓመት ጎረምሳ ድምፅ መሰለኝ።

ጊዜው የደርግ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ እኔ ዓመት የምቆጥረው በሱሪ ነው። ይሄ የሆነው ታችኛው አፉ መንገድ የሚጠርገው ሱሪ ካለፈ በኋላ፣ ቴትሮን የሚባለው ጨርቅ በነገሠበት ዘመን ነው። ቴትሮን ካውያ አይፈልግም ነበር። ማታ ፍራሽ ሥር አንጥፈህ ከተኛህበት ጠዋት መስመሩ ሽንኩርት ይከትፋል። ሀብታም ሸራ ጫማ ያደርጋል፣ መካከለኛው የላስቲክ ኮንጎ፣ የቀረነው በረባሶ እየጎተትን አቧራውን እናስነሣለን። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነበረች፤ ፓስቲ ከዚያም ትረክሳለች፤ ታዲያ የዛሬዋ ፓስቲ የዚያችኛዋ የልጅ ልጅ ብትሆን እንኳ አያቷን አትመስልም። ከነዳጅ ማደያው ማዶ ባለችው ሻይ ቤት ደጃፍ ከሰዓት በኋላ የቀበሌው ኪነት ቡድን ይለማመድ ነበር። ከበሮ መቺው ፍቅር ይዞት ስለነበር የሰልፉ መዝሙር ሁሉ ሳይታወቅ ወደ እስክስታ ያዘነብላል፤ ሰልፈኛው በትከሻው እየሄደ ከተማዋን ይዞራል። ዛሬ እዚያች ማዕዘን ላይ የስልክ መሸጫ አለ። ባለፍኩ ቁጥር ትከሻዬ ራሱ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው የብርድ ይመስለዋል።

እኔ በዚያች ሻይ ቤት የታወቅሁ ነበርኩ። እትዬ ብርቄ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ፣ «ሞላ እውነት ሲናገር ጥርሱን ያመዋል» ትል ነበር። አንድ ጊዜ ስሜን ተራራ ላይ ሳንቃ በር ደርሼ ስመለስ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ቀበሌ አቋቁመው ሊቀመንበር ሲመርጡ አየሁ ብዬ አወራሁ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ እውነተኛው ሊቀመንበር ጋ ደርሶ ኖሮ ተጠራሁ።

«ጓድ ሞላ፣ ጭላዳዎቹ ማንን መረጡ ነው ያልከው?»

«ማንንም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ምልዓተ ጉባኤው ሳይሟላ ቀርቶ ስብሰባው ተበተነ።»

ከንፈሩን ነክሶ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ «ውጣ!» አለኝ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ከኋላ አይቻለሁ። ቢሆንም አገር መቀየር ይሻልሃል ብለው የመከሩኝ ስለበዙ፣ በኤንትሬ የጭነት መኪና ረዳትነት ተሳፍሬ በጎንደር፣ በደሴ፣ በባቲ ቁልቁል እየተንከባለልኩ አሰብ ወደብ ገባሁ።

አሰብ እንዴት ይሞቃል መሰላችሁ! እኩለ ቀን ላይ ጥላዬ ራሱ ከእግሬ ሥር ገብቶ ይደበቅ ነበር። ሰው ሲያዛጋ ምላሱ ሳይደርቅ አፉን ለመዝጋት ይሽቀዳደማል። እዚያ የመጀመሪያ ሥራዬ ወደ ደረቅ የተጎተቱ ጀልባዎችን ሆድ መፋቅ ነበር። የጀልባ ሆድ ምን እንደሚያበቅል የደጋ ሰው በሕልሙም አያየው! ነጫጭ፣ ሹል፣ ከድንጋይ የጠነከሩ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ ነገሮች። እኛ ሠራተኞቹ «ጥርስ» እንላቸው ነበር። እኔም መስሎኝ የነበረው ባሕሩ ጀልባውን ነክሶት ጥርሱን ጥሎ የሄደ ነው።

ከጥርስ ፈቃቂነት ያወጣኝ ከአዲስ አበባ የመጣ የባሕር እንስሳት አጥኚ ነው። ራሱ መላጣ፣ ሱሪው ከጉልበት በላይ ስለነበረ «ጓድ ቁምጣ» አልነው። እሱም ሲሰማ አልተቆጣም፤ «ዋናው ጓድነቱ ነው» አለ። ሥራው እንዲህ ነበር። እንደ ቃሬዛ ያለ የብረት ማቀፊያ ላይ ልክ እኩል የተቆረጡ ቁራጮች ያስራል፤ ጣውላ፣ ላሜራ፣ መስታወት፣ ሲሚንቶ፣ የከሚዮን ጎማ፣ መዳብ። በገመድ ከመርከብ ማቆሚያው ሥር ባሕር ውስጥ እንነክረዋለን። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ስቤ አወጣለሁ፤ እሱ በማጉያ መነጽር እየተቁለጨለጨ ያያል።

«ምን እየፈለግን ነው?» አልኩት መጀመሪያ ቀን።

«ማን የት እንደሚሰፍር።»

«እንደ ቀበሌ ቤት ድልድል?»

ወዲያ ወዲህ አይቶ፣ ማንም አለመኖሩን አረጋግጦ፣ «ልዩነቱ እነዚህ ቤታቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደድኩት።

እውነትም ይመርጣሉ። ማቀፊያውን ስናወጣ ሻካራው ሲሚንቶ ቦታ እስኪጠፋው በጥርስ ይጨናነቃል። ጣውላውና ጎማውም እንዲሁ። መስታወቱ ላይ ጥቂት ናቸው፤ እነሱንም በአውራ ጣት ገፋ ሲያደርጓቸው ይንሸራተታሉ። መዳቡ ግን ዛሬ ከገበያ የመጣ ይመስላል፤ መዳብ ይመርዛቸዋል፤ ለዚህ ነው የመርከብ ሆድ መዳብ ያለበት ቀለም የሚቀባው። ጓድ ቁምጣ ጥርሶቹን በብርጭቆ ባሕር ውኃ ውስጥ ነክሮ «ዝም ብለህ እይ» አለኝ። አየሁ። የእያንዳንዱ ጥርስ አናት ላይ ያለች ትንሽ በር ተከፈተች፤ እንደ ሽፋሽፍት ያለ እግር ወጣ፣ ውኃውን ዛቀ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ። ለካ እንስሳ ኖሯል! ሕፃን ሳለ እየዋኘ ይዞራል አለኝ፤ ቦታ ሲመርጥ በአናቱ ተተክሎ፣ ጭንቅላቱን አጣብቆ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ቤት ሠርቶ፣ ዕድሜ ልኩን በእግሩ እየጎረሰ ይኖራል። ከእነሱ ውስጥ አገሬዎች አሉ፤ ከሌላ ባሕር በመርከብ ሆድ ተለጥፈው የመጡ እንግዶችም አሉ። እንግዶቹ ሰው የሠራውን ሲሚንቶና ጎማ ካገኙ ተስፋፍተው የአገሬዎቹን ቦታ ይቀማሉ። ጓድ ቁምጣን እንቅልፍ የነሣው ይሄ ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ጓድ ቁምጣ ጥርስ የሞላበትን ጣውላ «ለማስታወሻ» ብሎ ሰጠኝ። እንደ ታቦት በጋቢ ጠቅልዬ ደባርቅ ገባሁ። የዋህ ነበርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልጨምር ሳልቀንስ የማወራው ነገር ስላገኘሁ ሰው እጄን የሚስመኝ መስሎኝ ነበር። ሻይ ቤቷ ገብቼ አወራሁ። አናቱን ቀብሮ በእግሩ የሚጎርስ ፍጥረት፣ ቤቱን ከድንጋይ የሚሠራ፣ መዳብ የሚፈራ። ከዚያ አንዱ፣ «የጭላዳዎቹ ሊቀመንበር ዘመድ ነው?» አለ። አለቀልኝ። በማግስቱ ከተማው በሙሉ «በእግሩ ጎራሽ» ይለኝ ጀመር። በግ ሻጭ ሳይቀር «በእጅህ ነው በእግርህ የምትከፍለው?» ይለኛል። ጣውላውን አውጥቼ ባሳይ «ኖራ ላይ ሽምብራ በትነህ ነው» ተባልኩ። ውሸቴን አጣጥሞ የበላ ሕዝብ እውነቴን ተፋው!

በዚህ መሐል ነው ማስተዋልን ያየኋት። የዳባት ልጅ ናት፤ ደባርቅ ዘመዶቿ ጋ ተቀምጣ በቀበሌው ኅብረት ሱቅ ስኳር ትመዝናለች። ሰማያዊ ካፖርት፣ ነጭ ሻሽ፣ እና አንዲት ፍሬ ስኳር እንኳ ወደዚህም ወደዚያም የማያዳላ እጅ። እኔ ሞላ፣ ሁሉን ነገር አግዝፌ የማየው ሰው፣ በሚዛን በምትኖር ሴት ፍቅር ወደቅሁ! ስኳር ባይኖርም እሰለፋለሁ። ሳሙና ብቻ ሲሆንም እሰለፋለሁ። እትዬ ብርቄ ቤት ሳሙናው ከመብዛቱ የተነሣ የግቢያችን ድንጋዮች ሳይቀሩ ታጥበው ነበር።

አንድ ቀን ሰልፉ ሲያልቅ ቀና ብላ፣ «እውነት በእግሩ ይጎርሳል?» አለችኝ።

«እውነት።»

«ማል እስቲ።»

«ማርያምን!»

«አንተ ስትምል ነው የምጠራጠርህ» አለችና ሚዛኑን ወለወለች። ግን ሳቀች። ሳቋን አይታችሁ ቢሆን ኖሮ እናንተም ሳሙና ትገዙ ነበር።

ውሎ አድሮ ሽማግሌ ላክ ያለችኝ ራሷ ናት። አስጠነቀቀችኝ ግን። «አባዬ ሌላው ሁሉ ግድ አይሰጠውም። ድሃ ነው ብትለው እሺ፣ መልከ ጥፉ ነው ብትለውም እሺ፤ ያው ያይሃል። ውሸታም ነህ ካለ ግን እኔም አልሻገረውም።» አባቷ አያ ተገኘ በዳባት ዙሪያ የታወቁ ንብ አርቢ ናቸው። ሁለት ሰው ሲጣላባቸው ወስደው ቀፎ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ ንብ የሐሰተኛ ላብ ትጠላለች ባይ ናቸው። እዚያ ተቀምጦ የድንበር ድንጋይ አልገፋሁም ያለ ሰው ዓይኑ አብጦ መንገዱን እየዳበሰ ቤቱ እንደገባ ይወራል።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ነበሩ፤ የንስሐ አባቴ አባ ይርጋና ጎረቤታችን ጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ኑሩ። ሁለቱ ከሄዱ ደባርቅ ውስጥ የማይሰጥ ልጅ የለም ይባል ነበር። እኔ አውቶቡስ ላይ ሸኝቼ፣ ከነዳጅ ማደያው ማዶ ቁጭ ብዬ፣ ሻይ በሻይ ላይ ስጠጣ ዋልኩ። ማታ ሲመለሱ አወራረዳቸው አላማረኝም። ሐጂ ኑሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው ያሽከረክራሉ፤ አባ ይርጋ መሬት መሬት ያያሉ።

«ምን አሉ?»

«አየህ ልጄ» አሉ አባ ይርጋ፣ «አያ ተገኘ፣ ልጁ አሰብ ምን ይሠራ ነበር ብሎ ጠየቀን።»

«እሺ?»

«የመጋዘን ጸሐፊ ነበር አልን።»

«ምን! ማን ነው የመጋዘን ጸሐፊ?»

«አንተ ነሃ!» አሉ ሐጂ ኑሩ። «መንገድ ላይ ተመካከርን። ምን ልንል ነው? ጣውላ ባሕር ውስጥ እየነከረ፣ በእግሩ የሚበላ ጥርስ ሲያረባ ነበር እንበል? ወላሂ አንተ ልጅ፣ እውነትህ ራሱ ውሸት ይመስላል! እንዲያምርልህ ብለን ነው።»

«ከዚያስ?»

«ልጅቱ ለካ እውነተኛውን ቀድማ ነግራዋለች» አሉ አባ ይርጋ፣ መስቀላቸውን እየዳበሱ። «አንድም ልጄ ዋሽታኛለች፣ አንድም እናንተ፣ አንድም ልጁ ለእሷ ሌላ ለእናንተ ሌላ ተናግሯል አለን። ስድሳ ዓመት የቀደስኩ ሰው፣ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ አንገቴን ደፋሁ።» አባ ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ራሱ ስድሳ አልሞላም፤ እኔ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፍርዱ ይሄ ነበር፤ ልጁ ራሱ ይምጣ፣ ቀፎ ሥር ተቀምጦ ይናገር። አንዲት ቃል ከጨመረ ነገሩ አበቃ፤ ማስተዋልም ዳባት ትመለሳለች።

አንዲት ቃል! እኔን፣ የነፋስን ወሬ ሳወራ እንኳ ዛፍ የምነቅለውን ሰው! ደግነቱ ጣውላው አለኝ አልኩ። አያ ተገኘ ጥርሶቹን በእጃቸው ከዳበሱ እኔ ምን አስለፈለፈኝ? እየሮጥኩ ቤት ገባሁ። እትዬ ብርቄ ደጃፍ ላይ እግሯን ገንዳ ውስጥ ነክራ፣ በዜማ፣ ተረከዟን ትፈገፍጋለች። በምን? በጣውላዬ!

«እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ውይ ሞልዬ፣ ዕድሜህ ይርዘም! ስንት ዘመን የፈለግሁትን መፈግፈጊያ! ደግሞ ደብቀኸኝ አልጋ ሥር ማስቀመጥህ!» አለችና ተረከዟን አነሣችልኝ። እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆኗል። ጥርሶቹ ግን የሉም፤ ሁሉም ተፍቀው አልቀዋል። የቀረው ጣውላው ላይ ነጫጭ ክብ ክብ ምልክት ብቻ ነው፤ ጥርሶቹ የተተከሉበት መሠረት። እሱን የአክስቴ ተረከዝም አላነሣውም።

ያንኑ ይዤ ወረድኩ። መስመሩ ሽንኩርት የሚከትፈውን ቴትሮን ሱሪዬን ለብሼ፣ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስከትዬ፣ ዳባት አያ ተገኘ ግቢ ገባሁ። ጓሮው የወይራ ጥላ ነው። ቀፎዎቹ በክዳን ሥር ተደርድረው ያጉረመርማሉ። አያ ተገኘ ካኪ ኮት በጋቢ ደርበው፣ አጭር፣ ቀጭን፣ ዓይናቸው የማይርገበገብ ሰው ናቸው። ሽማግሌዎቼ አጥሩ ጋ ሲደርሱ «እኛ ከዚህ እንሰማለን» ብለው በጋቢያቸው ተጀቦኑ። ከአጥሩ ማዶ የነጭ ሻሽ ጫፍ አየሁ።

«ተቀመጥ» አሉኝ አያ ተገኘ። ከቀፎው አፍ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። «በል፣ ምን ትሠራ ነበር?»

አፌን ስከፍት አንዲት ንብ መጥታ የላይኛው ከንፈሬ ላይ ቆመች።

«ባሕር ውስጥ... ጣውላና ብረት እየነከርኩ... ማን እንደሚሰፍርበት እናይ ነበር። ፍጥረቱ ቤቱን ከድንጋይ ይሠራል። የቤቱ ትልቀት የእንስ...» ንቧ ወደ አፍንጫዬ ተራመደች። «...የእንስራ አይደለም። የሽምብራ ያህል ነው።»

«ብዙ ናቸው?»

«ሚሊዮ...» ንቧ ክንፏን አንቀጠቀጠች። «ብዙ ናቸው፣ አያ ተገኘ። አልቆጠርኳቸውም።»

አጥሩ ጋ ሐጂ ኑሩ ሲተነፍሱ ሰማሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ወሬ አጥሮብኝ አያውቅም፤ እያንዳንዱን ዐረፍተ ነገር ከገደል አፋፍ ላይ በጅራቱ ይዤ እንደምመልስ በግ እየጎተትኩ ነው የተናገርኩት።

«ዝም ብሎ ነው ወይስ አይቶ ነው የሚሰፍረው?» አሉ።

«አይቶ ነው። መጀመሪያ ይመጣና ይራመድበታል። ይነካካል። ካልተስማማው ትቶ ይዋኛል። ሻካራ ሲሆን ይወዳል። ደግሞ የወገኑ ሽታ ያለበት፣ ቀድሞ ዘመዱ የኖረበት ቦታ ከሆነ ቶሎ ይቆማል።»

ጋቢያቸውን ሲያስተካክል የነበረው እጃቸው ቆመ።

«ይሄን ማን ነገረህ?»

«አጥኚው ነገረኝ፤ ሲሰፍርም አየሁ።»

 ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለቀፎው የሚያወሩ መስለው፣ «አዲስ ቀፎ ስሰቅል በእበት ለቅልቄ፣ በወይራ አጥኜ፣ አሮጌ ሰም እቀባዋለሁ» አሉ። «ቃኚዋ ንብ ትመጣና ውስጡን እየተራመደች ትለካዋለች። የሰሙ ሽታ ከሌለ ትታኝ ትሄዳለች። ይሄን ለሰው ነግሬ አላውቅም።» ጣውላውን ተቀብለው ነጩን ክብ በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፤ በጥፍራቸው ሞከሩት፤ አልተነሣም። «ጥርሶቹስ?»

«አክስቴ ተረከዟን ፈገፈገችባቸው።»

አጥሩ ጋ አባ ይርጋ «እግዚኦ!» አሉ። አያ ተገኘ ግን ፊታቸው አልተለወጠም።

«መዳቡ ላይስ? ምንም አይሰፍርም ነው የሚሉት።»

እዚህ ላይ ነበር የሕይወቴ ፈተና። ምንም አይሰፍርም ብል ወሬዬ ያምራል፤ ሻይ ቤት ስናገር የኖርኩትም እንደዚያ ነው። ሽማግሌዎቼ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን እየነቀነቁ «በል፣ በል» ይሉኛል። ንቧ ዓይኔ ሥር ደርሳለች። ማስተዋልን አሰብኳት፤ ሚዛኑን፣ ነጩን ሻሽ።

«አንድ ሰፍሯል» አልኩ።

«ምን?»

«ጥርስ አይደለም። ቡናማ ጺም የመሰለ ነገር። አገሬዎቹ ሁሉ የሸሹትን መዳብ እሱ አልፈራውም። ከሩቅ አገር በመርከብ ሆድ ተለጥፎ የመጣ ስለሆነ የመርከቡን መዳብ ቀለም ለምዶታል አለኝ አጥኚው። ከመጨረሻው ቀን በፊት አላየሁትም ነበር። ግን አለ።»

ሐጂ ኑሩ አጥሩ ላይ ግንባራቸውን ደገፉ። አያ ተገኘ ጣውላውን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

«ሰው ሲዋሽ ወሬውን ያሳምረዋል» አሉ። «አንተ አሁን ያማረ ወሬህን በገዛ እጅህ አበላሸኸው።»

«አዎ፣ አያ ተገኘ።»

«አንድ ነገር ቀረኝ። በእግሩ የሚጎርሰው እንዴት ነው?»

በቃል ሞከርኩ፤ አልሆነም። ምን ላድርግ? ከድንጋዩ ወርጄ አናቴን ሣሩ ላይ ተከልኩ፣ ወገቤን በእጄ ደገፍኩ፣ እግሮቼን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ወደ አፌ መዛቅ ጀመርኩ። አንዴ ዘረጋሁ፣ አጠፍኩ። ደግሞ ስዘረጋ ቴትሮኔ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ። ከአጥሩ ማዶ ያ ሳቅ መጣ፤ ሳሙና ያስገዛኝ ሳቅ። ከዚያ ሐጂ ኑሩ፣ ከዚያ አባ ይርጋ፤ በመጨረሻ አያ ተገኘ ጋቢያቸው እስኪወድቅ፣ የወይራውን ግንድ ይዘው፣ ዕንባቸው እየወረደ፣ «በቃ! በቃ ተነሥ ልጄ! አመንኩህ!» አሉ።

ልጄ አሉኝ። ጋቢያቸውን አንሥተው የተቀደደው ላይ ያሰሩልኝም እሳቸው ናቸው።

አጥሩን ዞሬ ማስተዋል ጋ ስደርስ መሬት አልረግጥም ነበር። «ምን አለህ?» አለች፣ ሁሉን የሰማችው። «ምን አለኝ ትያለሽ!» አልኩ። «አንገቴ ላይ ተጠምጥመው እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቁ! እንዳንተ ያለ ሰው በሰባት ትውልድ አላየሁም...» ሳልጨርስ ያቺ ንብ፣ ያን ሁሉ ጊዜ ፊቴ ላይ በትዕግሥት የተመላለሰችው ንብ፣ ከንፈሬን ነደፈችኝ። ለሠርጌ ቀለበት ስናስር እብጠቱ ገና አልጠፋም ነበር። ይሄንን አጋንኛለሁ፤ ጠፍቶ ነበር።

አያ ተገኘ እስኪያርፉ ድረስ ለእንግዳ ሲያስተዋውቁኝ «ይሄ መዳብ ላይ የበቀለው አማቼ ነው» ይሉ ነበር። ጣውላዋን አልመለሱልኝም። አንዱ ቀፎ አፍ ላይ የንብ መቀመጫ አድርገው ቸነከሯት፤ ሸክም ይዛ የምትመለስ ንብ እግሯ እነዚያ ነጫጭ ክቦች ላይ አይንሸራተትም አሉ። ሲያርፉ ቀፎውም ጣውላውም ለእኛ መጣ። አሰብ ዛሬ በሌላ ፓስፖርት የሚገባባት አገር ናት፤ ጓድ ቁምጣ ወዴት እንደደረሰ አላውቅም፤ ኅብረት ሱቁም ፈርሶ ሆቴል ተሠርቶበታል። ጣውላዋ ግን ይኸው ጓሯችን ውስጥ፣ ከሮቶው ጎን አለች፤ የስሜን ንብ ጠዋት ጠዋት የቀይ ባሕር ፍጥረት ቤት መሠረት ላይ ታርፋለች።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት አንገቴ ሮቶ ውስጥ እንዳለ፣ በብሩሹ እየፈተግሁ ነው። ጉልበቴ ሲያመኝ ወረድኩ። ማስተዋል ቀፎው ጋ ቆማ ሻሿን ታስራለች።

«ታጠበ?»

«ታጠበ ትያለሽ! ውስጡ እንደ መስታወት ሆኖ ፊቴን አይቼ ጺሜን ልላጭበት ነበር! ጎንደር ድረስ ቢፈለግ እንዲህ ያለ...»

ወደ ቀፎው በአገጯ አመለከተች። በቤታችን ሕግ ነው፤ እዚያ ጋ ቆማ ስትጠይቀኝ እንደዚያን ቀን እመልሳለሁ።

ጣውላዋን አየሁ። አንዲት ንብ ነጩ ክብ ላይ አርፋ እግሯን ትጠርጋለች።

«ልስልሱ ታጥቧል» አልኩ። «ታች የተቧጠጠው ጥጉ ጋ ትንሽ ቀርቷል።»

ብሩሹን መልሳ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ እየሳቀች፣ መሰላሉን ያዘችልኝ።